ሚያንማር የት ናት? ስለ ምድሯና ስለ ፖለቲካዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚያንማርን ከጂኦግራፊ መምህር በስተቀር የሚያነሳት አልነበረም። ዛሬ ልጃቸው “ታይላንድ ሥራ አገኘሁ” ብሎ ከወጣ በኋላ ድምፁ የጠፋባቸው ቤተሰቦች ስልካቸው ላይ ካርታ እያሰፉ ይፈልጓታል። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስለ ወታደሮቹ ሳወራ “ጁንታ” የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ እኛ አገር ሌላ ሸክም ስለተጫነበት “ወታደራዊው መንግሥት” ይበቃናል።

ሚያንማር እና በርማ አንድ አገር ናቸው?

አንድ ናቸው። በጃንሆይና በደርግ ዘመን የተማረ ሰው በርማ ብሎ ነው የሚያውቃት። ስሙን በ1989 የቀየረው ወታደራዊው መንግሥት ነው፤ ያኔ ዋና ከተማ የነበረችው ራንጉንም አብራ ያንጎን ተባለች። በራሳቸው ቋንቋ ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ቃል ሁለት አጠራሮች ናቸው፦ “ሚያንማ” በጽሑፍና በወግ፣ “ባማ” በአፍ። ሕዝብ ሳይጠየቅ የተደረገ ለውጥ ነው ብለው ያኮረፉ ተቃዋሚዎች ለረጅም ጊዜ “በርማ” ማለትን እንደ ተቃውሞ ይዘውት ቆይተዋል።

ስለ ስም ከተነሳ አይቀር፣ አብዛኛው በርማዊ እንደ እኛው የቤተሰብ ስም የለውም። ከ1961 እስከ 1971 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኡ ታንት ስማቸው ታንት ብቻ ነው። “ኡ” አቶ እንደ ማለት ነው፣ ለሴት ደግሞ “ዶ” ይባላል። ኤርፖርት ላይ “የቤተሰብ ስም” የሚል ቅጽ ተሰጥቶት የአያቱን ስም ልጻፍ ወይስ የአባቴን ብሎ የተደናገረ ሁሉ የታንትን ችግር ይረዳዋል።

የት ነው የምትገኘው? ስፋቷስ?

ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ፣ በሕንድና በቻይና መካከል ነው። ጎረቤቶቿ አምስት ናቸው፦ በምዕራብ ባንግላዴሽና ሕንድ፣ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በምሥራቅ ላኦስና ታይላንድ። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤና የአንዳማን ባሕር ያዋስኗታል። ስፋቷ 676,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ግማሽ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሕዝቧ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው።

ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ወደ ደቡብ የተዘረጋው ቀጭን ጭራዋ ታኒንታሪ ይባላል፤ የጭራው ጫፍ ካውታውንግ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከደብረ ማርቆስ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። መሐል አገር ያለችው ማንዳላይ ደግሞ ከጅዳ ጋር ትስተካከላለች። ጅዳ የሠሩ እህቶቻችን የማንዳላይን የሚያዝያ ሙቀት ለመገመት አይቸገሩም።

መልክዓ ምድሯ ምን ይመስላል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የፖለቲካዋ ቋጠሮ ያለው መሬቷ ላይ ነውና። አንድ የፈረስ ኮቴ ወስዳችሁ አፉን ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ አዙሩት። ኮቴው ተራራ ነው፦ በምዕራብ የራካይን፣ የቺንና የናጋ ተራሮች፣ በሰሜን የካቺን ምድርና የሂማላያ ጫፍ፣ በምሥራቅ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ያለው የሻን አምባ፣ ከእሱ ወደ ደቡብ ደግሞ የካያህና የካረን ተራሮች። በኮቴው መሐል የኢራዋዲ ወንዝ ሸለቆ ተንጣሏል። ሩዙ፣ ትልልቆቹ ከተሞች፣ እንደ ባጋን፣ አቫና ማንዳላይ ያሉት የነገሥታት መዲናዎች ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ናቸው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የለመደውን ካርታ መገልበጥ አለበት። እኛ ዘንድ መንግሥት ደጋ ላይ ነው የከረመው፤ ጎንደርም፣ አንኮበርም፣ አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ናቸው፣ ዳር አገር ሲባል የሚታሰበው ቆላው ነው። እነሱ ጋ ቤተ መንግሥቱ ሜዳ ላይ ነው፣ ዳር አገሩ ተራራ ላይ። የሜዳው ንጉሥ ለተራራው አለቃ ማዕረግ ይሰጠዋል፣ ግብር ይቀበለዋል እንጂ ወጥቶ አያስተዳድረውም ነበር። እንግሊዞችም ሲመጡ ይህንኑ አጸደቁት። ከ1948 ወዲህ የተፈራረቁት መንግሥታት ደግሞ ተራራውን እንደ ሜዳው እናስገብር ሲሉ ነው ማብቂያ የሌለው ጦርነት ውስጥ የገቡት።

ሐሩር አገር ከሆነች በረዶ ያለበት ተራራ እንዴት ሊኖራት ቻለ?

ሙሉ በሙሉ ሐሩር አይደለችም፤ የሰሜኑ ክፍሏ ከሐሩር ክልል ወሰን ያልፋል። እዚያ፣ ቲቤት ጥግ፣ 5,881 ሜትር ከፍታ ያለው ህካካቦ ራዚ አለ። ከራስ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይበልጣል፣ ዓመቱን ሙሉም በረዶ አይለየውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጫፉ ላይ የወጣው በ1996 ነው፤ ይህ ብቻውን ቦታው ምን ያህል የራቀ እንደሆነ ይናገራል።

የአየር ጠባዩስ? ዝናብ የሚዘንበው መቼ ነው?

ሦስት ወቅት ነው ያላቸው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ክረምት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ቀዝቀዝ ያለ በጋ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ደግሞ አናት የሚበሳ ሙቀት። ደመናውን ከሕንድ ውቅያኖስ የሚያመጣው የሞንሱን ነፋስ ነው፣ ያ የፈረስ ኮቴ ያልኩት ተራራ ደግሞ ዝናቡን ያከፋፍለዋል። የራካይን ጠረፍ በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድበታል። ያንጎን 2,700 ገደማ ታገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ማንዳላይና ባጋን ግን ከተራራው ጀርባ ስለሆኑ 1,000 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላላቸውም። በዚህ ደረቅ ቀጠና ሰሊጥና ኦቾሎኒ ይዘራል። የሁመራ ሰሊጥ ነጋዴ ሚያንማርን በስም ባያውቃትም የቻይና ገበያ ላይ ሲገናኛት ኖሯል።

ባሕሩ አንዳንዴ ዝናብ ብቻ አይደለም የሚልከው። ግንቦት 2 ቀን 2008 ናርጊስ የተባለው አውሎ ነፋስ የኢራዋዲን አፍ መትቶ ወደ 138,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ ወይም የገባበት ጠፋ። ወታደራዊው መንግሥት የውጭ እርዳታ ሠራተኞችን ለሳምንታት በር ላይ አቆመ፤ አስከሬን ገና ከሩዝ ማሳ ሳይነሳ፣ በስምንተኛው ቀን፣ አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል ለአዲስ ሕገ መንግሥት ድምፅ አስሰጠ። ያ ሕገ መንግሥት ከታች ይመጣል።

ኢራዋዲ ለእነሱ እንደ አባይ ለእኛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በፍቅሩ ይመሳሰላሉ፣ በጠባያቸው ግን አይመሳሰሉም። ኢራዋዲ ሰሜን ካቺን ውስጥ ማሊና ንማይ የተባሉ ሁለት ወንዞች ሲገናኙ ይወለዳል፣ ከዚያ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ አገሩን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ ባሕር የሚገባው እዚያው ነው። “አባይ ማደሪያ የለው” የሚለው ተረት እዚያ አይሠራም። ዝቃጩ የሠራው ደለላማ ምድር በቅኝ ግዛት ዘመን በርማን የዓለም ቀዳሚ የሩዝ ሻጭ አድርጓት ነበር።

ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ሚይትሶን ይባላል። ቻይና እዚያ 6,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ልትሠራ ውል ነበራት፤ አብዛኛው ኃይል የሚሄደው ለራሷ ነው። ሕዝቡ አገር ይያዝልን አለ፣ ፕሬዚዳንት ቴይን ሴይን በመስከረም 2011 ሥራውን አስቆሙት። ለግድብ ቦንድ የገዛ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ግራ ሊገባው ይችላል። የቦታው ባለቤቶች ካቺኖች ግን መብራቱ ለሌላ፣ ጎርፉ ለእኛ ነው ብለው ነበር የተነሱት።

ዋና ከተማዋ ያንጎን አይደለችም እንዴ?

ነበረች። በኅዳር 2005 የመንግሥት ሠራተኞች ዕቃቸውን በከባድ መኪና ጭነው በድንገት ወደ ሰሜን እንዲጓዙ ታዘዙ፤ ከያንጎን 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጫካና እርሻ በነበረ ቦታ ኔፒዶ የተባለች ከተማ ተሠራች። ስሟ “የነገሥታት መቀመጫ” እንደ ማለት ነው። ፓርላማው ፊት ያለው አውራ ጎዳና በእያንዳንዱ አቅጣጫ አሥር አሥር መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ የሚሄድበት መኪና ግን ብዙም የለም። ለምን ተዛወረ ለሚለው የኮከብ ቆጣሪ ምክር ነው የሚሉም፣ ከባሕር የሚመጣ ወረራ ተፈርቶ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሦስተኛውን ምክንያት እመርጣለሁ፦ ያንጎን ሕዝብ የሚሰለፍባት ከተማ ናት፣ ኔፒዶ ላይ ግን ሰልፍ የሚወጣ ሰፈር የለም።

ስንት ብሔረሰቦች አሉ?

መንግሥት የሚያውቀው 135 ነው። ቁጥሩ ብዙ ያከራክራል፤ አንዱን ሕዝብ በየቀበሌኛው ከፋፍሎ ይቆጥራል፣ ሌላውን ጭራሽ ይዘለዋል። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ባማር ነው፣ ሜዳው የእሱ ነው። በተራራውና በጠረፉ ሻን፣ ካረን፣ ካቺን፣ ቺን፣ ካያህ፣ ሞንና ራካይን በስማቸው የተሰየሙ ሰባት ክልሎች አሏቸው፤ ባማር የሚበዛባቸው ሌሎች ሰባት ደግሞ በሌላ ስያሜ ይጠራሉ። ከአሥሩ ሰው ዘጠኙ ገደማ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። ካቺንና ቺን በብዛት ክርስቲያን ናቸው፣ ከካረኖችም ብዙ ክርስቲያን አለ።

እንግሊዝ እንዴት ያዘቻት?

በሦስት ጦርነት፣ በሦስት ጉርሻ፦ ከ1824 እስከ 1826፣ በ1852 እና በ1885። መጨረሻ ላይ ንጉሥ ቲባው ከማንዳላይ ቤተ መንግሥት ወጥተው ሕንድ ራትናጊሪ በምትባል የጠረፍ ከተማ ታሰሩ፣ እዚያው በ1916 አረፉ። የሚገርመው፣ ከዚያ ቀደም እንግሊዞች የመጨረሻውን የሞጎል ንጉሠ ነገሥት ባሃዱር ሻህ ዛፋርን ከዴልሂ አምጥተው ራንጉን አስረዋቸው፣ በ1862 እዚያ ሞተዋል። የሕንዱን ንጉሥ ለበርማ፣ የበርማውን ለሕንድ። የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግሊዞች እስከ 1937 ድረስ በርማን የሕንድ ግዛት አካል አድርገው ገዟት። ሜዳውን በቀጥታ፣ ተራራውን በባላባቶቹ በኩል። ለወታደርነት የሚመለምሉት ደግሞ በብዛት ካረን፣ ካቺንና ቺን ነበር። ይህ ቂም ጥሎ አልፏል።

አፍሪካውያን በርማ ዘምተው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ከእኛም ጋር ይነካካል። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ እንግሊዝ ከምዕራብና ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ወታደር አስዘመተች። በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት የተዋጋው የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የኒያሳላንድ ተወላጆች ያሉበት ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው ጦር ሻለቆች በ1944 በወባና በጭቃ የታወቀውን የካባው ሸለቆ አቋርጠው ቺንድዊን ወንዝ ድረስ ጃፓኖችን አሳደዋል።

“ፓንግሎንግ” የሚባለው ስምምነት ምንድን ነው?

የአገሪቱ ትልቁ ያልተፈጸመ ቃል ኪዳን ነው። የነፃነት መሪው ጄኔራል አውንግ ሳን በየካቲት 12 ቀን 1947 ሻን ውስጥ ፓንግሎንግ በምትባል ከተማ ከሻን፣ ከካቺንና ከቺን መሪዎች ጋር ተፈራረሙ፦ አብረን ነፃ እንውጣ፣ እናንተም የውስጥ አስተዳደራችሁን ያዙ። ካረኖች በታዛቢነት እንጂ በፈራሚነት አልነበሩም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት ለሻንና ለካረኒ (የዛሬዋ ካያህ) ከአሥር ዓመት በኋላ የመገንጠል መብት ሰጠ። አዎ፣ አንቀጽ 39ን ያስታውሳል፤ ከእኛው በግማሽ ምዕተ ዓመት ግድም ይቀድማል።

አውንግ ሳን ግን ሐምሌ 19 ቀን 1947 ስብሰባ ላይ እንዳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፤ ገና 32 ዓመታቸው ነበር። ነፃነቱ ያለ እሳቸው መጣ። ኮከብ ቆጣሪዎች በመረጡት ሰዓት፣ ጥር 4 ቀን 1948 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ። ዓመቱ ዞሮ ጥር 1949 ሲመጣ ካረኖች ጠመንጃ አነሱ፤ ያ ጦርነት ዛሬም አልቆመም።

ወታደሩ ሥልጣን ላይ የወጣው መቼ ነው?

መጋቢት 2 ቀን 1962፣ የመገንጠያው አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የሻን መሪዎች ላላ ያለ ፌዴሬሽን እየጠየቁ ባሉበት ሰሞን። ጄኔራል ኔ ዊን ጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑን አሰሩ፣ ምክንያታቸውም “አገር ሊፈርስ ነው” የሚል ነበር። ከዚያ “የበርማ ሶሻሊዝም” ታወጀ፦ ሱቅና ፋብሪካ ተወረሰ፣ አገሪቱ በሯን ዘጋች። የደርግን ዘመን የኖረ ሰው ሰልፉንና ራሽኑን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ኔ ዊን ግን አንድ የጨመሩት ነገር አለ። በመስከረም 1987 የ25፣ የ35 እና የ75 ቻት (የአገሪቱ ገንዘብ) ኖቶችን ያለ ምንም ካሳ ዋጋ ቢስ አደረጓቸው፣ በምትካቸው 45 እና 90 ቻት አሳተሙ። ሁለቱም ለዘጠኝ ይካፈላሉ፤ ዘጠኝ የጄኔራሉ የዕድል ቁጥር ነበር። አንድ ሴትዮ ገበያ ወጥታ በ90 ቻት ኖት ባለ 45ቱን ስትመነዝር ምን ዓይነት ሒሳብ እንደምትሠራ አስቡት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ነሐሴ 8 ቀን 1988፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ ዕለቱን እስከ ዛሬ “አራቱ ስምንት” እያሉ ይጠሩታል። ብዙ ሺህ ሰው እንደተገደለ ይገመታል። መስከረም ላይ ሌላ ወታደራዊ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፣ የ1990ውን ምርጫ ውጤትም አልተቀበለም።

አውንግ ሳን ሱ ቺ ጀግና ናቸው ወይስ ወንጀለኛ?

ጥያቄው እንዲህ ስለተቀመጠ ነው መልሱ የሚያስቸግረው። የጄኔራሉ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሲገደሉ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በ1988 የታመሙ እናታቸውን ሊያስታምሙ ከእንግሊዝ መጥተው በዚያው ቀሩ። ፓርቲያቸው በ1990 ከ485 መቀመጫ 392 አሸነፈ፤ እሳቸው ግን በቁም እስር ላይ ነበሩ፣ እስከ 2010 ድረስም በድምሩ 15 ዓመት ገደማ ታስረዋል። የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት በ1991 ነው። በ2015 አሸንፈው መንግሥት መሠረቱ።

ያ በናርጊስ ማግሥት የጸደቀው የ2008 ሕገ መንግሥት ግን እጃቸውን አስሯል። ከፓርላማው መቀመጫ 25 በመቶው የሠራዊቱ ነው፤ ዋና ዋና አንቀጾችን ለመለወጥ ከ75 በመቶ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ የመከላከያ፣ የአገር ውስጥና የድንበር ሚኒስትሮችን የሚመርጠው የጦር አዛዡ ነው። ለፕሬዚዳንትነትም ልጆቻቸው የውጭ ዜጋ ስለሆኑ ታገዱ። ስለዚህ በ2017 ሠራዊቱ ሮሂንጃ በተባሉት ሙስሊሞች ላይ ሲዘምት ማዘዝ አይችሉም ነበር። ዝም ማለትን ግን ማንም አላስገደዳቸውም፣ በታኅሣሥ 2019 ሄግ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ለአገራቸው መከራከርን ደግሞ ጭራሽ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው።

ሮሂንጃዎች እነማን ናቸው?

በራካይን ክልል ሰሜን፣ በባንግላዴሽ ድንበር የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። መንግሥት ከ135ቱ አልቆጠራቸውም፣ የ1982 የዜግነት ሕግም አብዛኞቹን አገር አልባ አደረጋቸው። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ700,000 በላይ ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ፤ ከቀደሙት ጋር ኮክስ ባዛር አካባቢ ባሉ መጠለያዎች የሚኖሩት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ጉዳዩን በኅዳር 2019 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የወሰደችው ከአፍሪካ ትንንሾች አንዷ የሆነችው ጋምቢያ ናት።

ከ2021 ወዲህ አገሪቱን የሚያስተዳድረው ማን ነው?

እንደ ቆማችሁበት ቦታ ነው። የካቲት 1 ቀን 2021፣ አዲሱ ፓርላማ ሊሰበሰብ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ጄኔራል ሚን አውንግ ህላይንግ ሱ ቺንና ፕሬዚዳንቱን አሰሩ፤ ሰበቡ በኅዳር 2020 የተካሄደው ምርጫ ተጭበርብሯል የሚል ነበር። ወጣቱ መጀመሪያ ድስትና ክዳን እየመታ ተቃወመ፤ ጥይት ሲመለስለት ወደ ተራራው ወጣ። ይህ አዲስ ነገር ነው፦ የሜዳው የባማር ልጅ ትናንት “አማፂ” ይላቸው ከነበሩት ከካረንና ከካቺን ዘንድ ተኩስ ሊማር ሄደ።

ጥቅምት 27 ቀን 2023 ሦስት ታጣቂ ቡድኖች ሰሜን ላይ በጋራ ባካሄዱት ዘመቻ ሠራዊቱ በቻይና ድንበር ከተማ በከተማ ለቀቀ። በ2024 የሻንዋ ላሾ ከነጦር እዟ ተያዘች፤ በቀጣዩ ዓመት ቻይና አግባብታ ለመንግሥት አስመለሰቻት። በምዕራብ አራካን አርሚ የተባለው የራካይን ታጣቂ ቡድን አብዛኛውን ራካይን ይዟል። መንግሥት በእጁ ያሉት ያንጎን፣ ማንዳላይ፣ ኔፒዶና ሜዳው ናቸው፣ ሰማዩም የእሱ ነው፤ የአየር ድብደባውን የሚችለው የለም። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቅሏል። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2025 ጀምሮ በየዙሩ ምርጫ ተካሂዷል፤ የሱ ቺ ፓርቲ ቀድሞ በ2023 ስለፈረሰ አልተወዳደረም፣ ጦርነት ያለባቸው ብዙ ወረዳዎችም ድምፅ አልሰጡም።

ቻይና የማን ወገን ናት?

የቧንቧዋ። ከራካይን ጠረፍ ከቻውክፒዩ ተነስቶ ዩናን የሚደርስ የጋዝና የነዳጅ መስመር አላት፤ ከካቺን ደግሞ ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የሚያስፈልጉ ብርቅዬ ማዕድናት ትጭናለች። መስመሩ የሚያልፍበትን ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን አማፂ፣ በአንድ ጊዜ ታነጋግራለች።

መጋቢት 2025 ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምን ያህል ነበር?

መጠኑ 7.7፣ ዕለቱ ዓርብ መጋቢት 28 ነበር። የሳጋይንግ ስንጥቅ አገሪቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሰነጥቃታል፣ ማንዳላይና ኔፒዶም መስመሩ አጠገብ ናቸው። ሰዓቱ የጁምዓ ሶላት፣ ወሩም ረመዳን ስለነበር መስጊዶች በምእመናን ላይ ተደርምሰዋል። ከ3,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ባንኮክ እንኳ በግንባታ ላይ የነበረ ፎቅ ወድቋል።

ልጆቻችንን የያዙት የስካም (የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ) ካምፖች ለምን በታይላንድ ድንበር ባለችው ሚያዋዲ አካባቢ ሆኑ?

የፈረስ ኮቴውን ምሥራቃዊ እግር ተመልከቱ፤ የካረን ተራራ ነው። ከ1949 ጀምሮ የሚዋጋው የካረን ብሔራዊ ኅብረት በ1994 ለሁለት ተከፈለ፦ መሪዎቹ በብዛት ክርስቲያን ነበሩ፣ ቡድሂስት ተዋጊዎች ተገነጠሉ። ከተገነጠሉት ብዙዎቹ በ2010 ከሠራዊቱ ጋር ተስማምተው “የድንበር ጥበቃ ኃይል” ሆኑ። ደመወዝ ከመንግሥት፣ መሬት ለራሳቸው። ያን መሬት ለቻይናውያን ቁማር ቤት ባለሀብቶች አከራዩት። ኮቪድ ቁማርተኛውን ሲያስቀር ሕንፃዎቹ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ሆኑ፤ ሽዌ ኮኮና ኬኬ ፓርክ ስማቸው የሚነሳው ለዚህ ነው። የኃይሉ መሪ ሶ ቺት ቱ ላይ አሜሪካ በግንቦት 2025 ማዕቀብ ጥላለች።

ሕግ የሌለበት ቦታ ብቻውን አይበቃም፣ መብራትና ኢንተርኔትም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ከወንዙ ማዶ ከታይላንድ ነበር የሚመጡት። ታይላንድ በየካቲት 5 ቀን 2025 ኤሌክትሪኩን ቆረጠች። በሳምንቱ አንድ የካረን ታጣቂ ቡድን 260 ሰዎችን አስረከበ፤ ከእነዚህ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኋላ የወጡት ሰዎች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ልጄ “ታይላንድ ነኝ” ይላል፣ የሚደውልበት ቁጥርም የታይላንድ ነው። ሚያንማር እንዳልገባ በምን አውቃለሁ?

በቁጥሩ አይታወቅም። የታይላንድ መለያ 66፣ የሚያንማር 95 ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን የሚለየው ሞይ የተባለ ትንሽ ወንዝ ነው፣ በበጋ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ አለ፣ የታይላንድ ኔትወርክም ማዶ ድረስ ይይዛል። ሰዓቱም አይረዳም። ሚያንማር ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ተኩል፣ ታይላንድ በአራት ሰዓት ትቀድማለች፣ የታይላንድ ሲም ያለው ስልክ ግን ወንዙን ተሻግሮም የታይላንድን ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ከባንኮክ እስከ ሜሶት፣ ከሚያዋዲ ፊት ለፊት እስካለችው የታይላንድ ድንበር ከተማ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ነው፤ ደላላው “ሥራው ባንኮክ ነው” ብሎ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ከተጓዘ ወደዚያው ነው የሄደው።

በነፃነት ማውራት የማይችል ከሆነ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁት። ወንዝ ይታይሃል? ከታየው፣ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከወንዙ በኩል ነው ወይስ ከጀርባህ? ሜሶት ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ናት፣ ሚያዋዲ በስተ ምዕራብ። ፀሐይ ከወንዙ በኩል የምትወጣለት ሰው ያለው ሚያንማር ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።